አርባ ችግኝና አንድ ቪዛ

ሀጀራ በሰው አገር፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር በተቀጠረችበት ቤት ጣሪያ ላይ አርባ የበረሃ ጽጌረዳ ከፍሬ አብቅላ ሁለት ዓመት አሳደገች። እህቷ ኒዕማ ጅዳ ውስጥ የምታገለግላቸው ወይዘሮ፣ «ችግኞቹ ደህና ከገቡልኝ ያሳደገቻቸውን ልጅ አትክልተኛዬ አደርጋታለሁ፣ ቪዛ እልካለሁ» ብለዋል።

የቀረው ወረቀት ነው። የዕፅዋት ምርመራ ቢሮው፣ «የምንመረምረው ተቀባዩ አገር በሚጠይቀው ነው፤ የሚጠይቀውን አምጪ» አላት። የተቀባዩ አገር ቆንስላ ዘበኛ ደግሞ፣ «ይኼ የሰው በር ነው፣ የዛፍ አይደለም» ብሎ መለሳት።

ስለዚህ ዴም ሰፈር ወዳለው ወደ ተውፊቅ ሄደች። ተውፊቅ ከእርሻ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ የተባረረ የወሎ ልጅ ነው፤ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ ይኖራል። ጅዳ ለወይዘሮዋ ቤት ፋክስ እየላከ በሦስት ሳምንቱ መስፈርቱን አገኘ።

«ስሚ ሀጁ። ነፍሳት የሌለው፣ ሥሩ ታጥቦ መድኃኒት የተነከረ፣ ቅንጣት አፈር የሌለበት።»

«ቅንጣትም?»

«ቅንጣትም። ጅዳ አፈር አላነሳትም።»

ሀጀራ ሦስት ቀን ሥር በጥርስ ብሩሽ ስታጥብ ከረመች። በምርመራው ጠዋት ሥሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠቀልል ግን የሻሿን ጫፍ ፈታች። ከአገር ስትወጣ እናቷ የቋጠሩላት የአገሯ ወልይ፣ የቅዱሱ ሰው መቃብር አፈር ነው፤ መንገደኛ ያለሱ አይሸኝም። ቆንጠር አደረገች።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ይከለክላል?»

ሊሸኛት የመጣው ተውፊቅ ጎንበስ ብሎ አፈሩን አየ። «የወልይ አፈር ከአፈር ይቆጠራል እንዴ? በረካ ነው። ያላ፣ ለአርባውም አዳርሺ።»

መርማሪው ሰባተኛውን ፈትቶ አፈር አገኘና አቆመ። «ማን አዘዘሽ?»

ሀጀራ ተውፊቅን አየችው። እሱም ባማረ ዐረብኛ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤላታለሁ። ገጠሬ ናት፣ አትሰማም» አለ።

ግቢው ውስጥ ማቃጠያ በርሜል አለ። ባለቤቱ በእጁ ይክተት ተባለና አርባውንም አንድ በአንድ ከተተች። እርጥብ ናቸው፣ እሳት እምቢ አሉ፤ ናፍጣ ጨመሩላቸው።

ዓርብ ዕለት ከተውፊቅ ጋር ስልክ ቤት ሄዳ ለኒዕማ ደወለች።

«ሌላ አሳድጋለሁ በያቸው፣ ኢንሻአላህ።»

«ሌላ አልፈለጉም፣ እታለም። ያንን መስፈርት ያገኘውን ሰውዬ ነው የፈለጉት። በፋክሱ ግርጌ ስለ ትምህርቱ ጽፎላቸው ነበር። ቪዛው ትናንት ወጣ። አልነገረሽም?»

ሀጀራ ዞር አለች። ተውፊቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ያጸዳል።

«ስትረጋጊ ልነግርሽ ነበር» አለ። «ኒዕማ ኤርፖርት ትቀበለኝ የለ? መልኬን ንገሪያት፣ እንዳንተላለፍ።»

ባለ ስልኩ ደቂቃው እየሄደ ነው ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

«ረጅም ነው» አለች ሀጀራ። «ቀይ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።» ደግሞ አየችው። «ሲስቅ ታውቂዋለሽ።»