የማይጎድለው ዘይት

ዘይት የማይበላ ሞተር ሳይክል ቢሰጧችሁ ደስ አይላችሁም? አትዋሹ፤ ይላችኋል። ለጎረቤትም ታወሩታላችሁ። እህቴም ደስ ብሏት ነበር። አዋላጅ ናት፤ በየቤቱ እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን የምትጎበኘው በጤና ጣቢያው ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩ ታድሶ ከጋራዥ ከወጣ ወዲህ በየማለዳው የዘይት ቋቱን ክዳን ከፍታ ታያለች፤ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። "እንደኔ ቁጠባ ያውቃል" እያለች ትስቅ ነበር። ውሃስ ሲወስድ እያሳሳቀ አይደል?

አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀጥ አለ። የኋላው ጎማ ተቆለፈ። እህቴ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠች፤ ግራ ክንዷ ተሰበረ።

ጀሶው ሳይደርቅ ክስ ደረሰ። የጋራዡን ባለቤት "ጆሮ" ይሉታል፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ በሽታውን ስለሚናገር ነው። የጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይ ተጠርቶ "ዘይት ሳትጨምር ነድታ ነው ያቃጠለችው" ብሎ መሰከረ።

"ጨምረሽ ታውቂያለሽ?" አላት የጤና ጣቢያው ኃላፊ።

"አልጨመርኩም፤ አልጎደለማ!"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሴትዮዋ በገዛ አፏ አመነች ተባለ። ከሞተር ሳይክሉ ወርዳ ካርድ ክፍል እንድትቀመጥ ሐሳብ ቀረበ፤ እሷን፣ በጨለማ በጭቃ ስንቱን ሕፃን የተቀበለችውን ሴት! እሷን ደግፌ የመጣሁት እኔ እሳት ጎረስኩ። ተነስቼ "ሞተሩ በፊታችን ይከፈት፣ ከዚያ ትወስናላችሁ" አልኩ። ኃላፊው ከኔ ምላስ ለመገላገል ብቻ ተስማማ።

ወደ ጋራዡ ስንሄድ እህቴ ድንገት ቆመች።

"ስማ፣ ወንድምዓለም። ይህ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ነው የሚያቃጥለው። ፓምፑ ከቋቱ እየሳበ ያጠጣዋል። ካልጎደለ እኮ አልጠጣም ማለት ነው!"

"እታለም! ይህን ስብሰባው ላይ አትናገሪም ነበር?"

"ያኔ አልገጣጠምኩትም፤ ሲስቁብኝ ደግሞ ጭራሽ ጠፋኝ።"

ጆሮ ግን ቀድሞን ሞተሩን ከፍቶ ጥገናውን ጀምሮ ጠበቀን። አልክድም፣ እጁ ሙያ አለው። ሲሊንደሩ አስቀድሞ ቶርኖ ቤት ደርሶ ሰፍቷል። አዲሱን ፒስተን ዘይት ቀባው፤ ፋሻ የሚሏቸውን የፒስተኑን ቀለበቶች በጣቶቹ ጨምቆ ሲሊንደሩን አለበሰው፤ የቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቡሎኖች በመስቀለኛ እያፈራረቀ አጠበቀ። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል። ጆሮ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞላና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"አለቀ። ላስነሳው?"

"ፓምፑስ?" አለች እህቴ።

"ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ እህቴ። አንቺ ክንድሽን አስታሚ።"

"አስታምማለሁ። የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ፍታት። ዘይቱ ከቋቱ በራሱ ወርዶ በዚያ መንጠባጠብ አለበት።"

"ሙያ ልታስተምሪኝ ነው?"

የቡሎን መፍቻ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳሁ። "ወይ አንተ ፍታት፣ ወይ እኔ እፈታታለሁ።"

"አንተ? ከሰው ስም በቀር ምን አፍርሰህ ታውቃለህ?"

ኃላፊው ሳይቀር ሳቀ። ጆሮ ግን ቁልፉን ነጥቆኝ ቡሎኗን ፈታ። አጎንብሰን ጠበቅን። ቀዳዳው ደረቅ ነው። ቋቱ አፉ ድረስ ሙሉ ነው፤ ቀዳዳው ግን አንድ ጠብታ የለውም።

"ቆሻሻ ይሆናል" አለ ጆሮ። ድምፁ ወርዷል።

እህቴ በደህና እጇ ከቋቱ ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቀጭን ጎማ ቱቦ ትዳብስ ጀመር፤ የሕፃን ጭንቅላት በየት በኩል እንደሆነ ስትፈልግ እንደምትዳብሰው፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና። መሀል ላይ ጣቷ ቆመ።

"እዚህ ጋ ጠጣር ነገር አለ። ቁረጠው።"

በምላጭ ቆረጥኩት። የኩሽኔታ ጥይት፣ ክብ ብረት፣ መዳፌ ላይ ዱብ አለ፤ ዘይቱ ተከትሎት ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ጥይቱ እንዳይንሸራተት ቱቦው ከላይም ከታችም በሽቦ ታስሯል።

"ቆሻሻ ሽቦ ይጠመጥማል?" ብዬ ጮህኩ።

አዲስ ቱቦ ተገጠመ፤ አየሩ ወጣ፤ ሞተሩ በቅልቅሉ ቤንዚን ተነሳ። እህቴ የፓምፑን መውጫ ቱቦ ነቅላ ዘይት የሚያበዛውን ምላሱን ከፍ ስታደርገው ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ አለ። ፓምፑስ እውነትም ጤነኛ ነበር።

"ፓምፕ አይታመንም" አለ ጆሮ መሬት መሬቱን እያየ። "አየር ከገባበት ሞተር ይገድላል። ስለዚህ እንዘጋውና ዘይቱን ቤንዚኑ ላይ ቀላቅሉ እንላለን። ያልዘጋ ጋራዥ አምጡ!"

"ለኔ ነገርከኝ?" አለች እህቴ።

"ይነገራት ብዬ ነበር።"

"ለማን?"

ጆሮ ኃላፊውን ሰረቅ አድርጎ አየው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ እግዜር ይመስገን፣ ነገሩ ጠራ። እህታችን ስትድን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህን እዚሁ እንቅበረው።" የሞተሩን ቁልፍ ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም። ወደ ጆሮ ዞረች። "የሌሎቹንም አዋላጆች ሞተር ያደስከው አንተ ነህ። የማን የማንን ዘጋህ?"

"አላስታውስም።"

"ውስጥ ለውስጥ እናጣራዋለን" አለ ኃላፊው ቶሎ ብሎ።

ውስጥ ለውስጥ! አዋላጆቹ ከምሳ በኋላ በዚያው ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ አንዷ ራሷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እኔ ደግሞ መቅበር አልችልበትም።

"ይስሙኝ፣ አቶ ኃላፊ" አልኩት። "አሁን ከዚህ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው በር እንሄዳለን። አንድም ሞተር ሳይነሳ፣ አዋላጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ ከዚህ ሰውዬ ጎን ቆመው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ፤ የስንቶቹ ቱቦ ተዘግቷል? ማን አዘዘ? ለምን አልተነገራቸውም? ይመልሱ!"