ከኮሪደሩ የመጣ መልስ

እህቴ የእማዬን መነጽር አደረገችና ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ልጇ ሚጣ ጭኗ ላይ ሆና የጠረጴዛውን ጠርዝ ትልሳለች።

«እሺ፣ አሁን እኔ ኃላፊው ነኝ» አለች እህቴ። «ግባ።»

«ገብቻለሁ እኮ።»

«ውጣና ግባ።»

ወጣሁና ገባሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ የወጣሁት መጋረጃውን አልፌ ወደ እማዬ አልጋ ነው። ስመለስ እህቴ ከመነጽሩ በላይ አየችኝ።

«እንደምን አደሩ አይባልም?»

«እንደምን አደሩ።»

«ለመሬቱ ነው ወይስ ለእኔ ነው ያልከው? ተቀመጥ። ስለ ራስህ ንገረኝ እስቲ።»

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታስጠናኝ ነው የከረመችው። መጀመሩ ነው የሚያቅተኝ። እህቴ ትንሽ ጠበቀችኝና እንደ ልማዷ ራሷ መለሰችው።

«ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ማንበብና መጻፍ በደንብ እችላለሁ። የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ አልነሳም።»

«ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ» አልኩ ተከትያት፤ ሌላውንም እስከ መጨረሻው አልኩት።

«አየህ፣ ትችላለህ እኮ። አንተ ግን ግፊ መኪና ነህ፤ ካልገፉህ አትነሳም።»

በቤታችን ነገሩ ድሮም እንዲህ ነው። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ሲለኝ የምትመልሰው እህቴ ናት። ሐኪም «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ሲለኝ እንኳ እሷ ናት ቦታውን በጣቷ የምታሳየው። ተሳስታም አታውቅም። ሰፈር ውስጥ «ሐውልቱ» ይሉኛል። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር። ትምህርቴን ትቼ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ግን ቅር ማለቱም ቀርቷል። ሰው ተቀምጦበት እንደደነዘዘ እግር ነኝ፤ ሲነኩኝ እንደተነካሁ አውቃለሁ፣ አይሰማኝም።

ሥራውን ያገኘችው እህቴ ናት። ከእኛ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ የቀለም መደብር አለ። መስታወቱ ላይ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ተለጥፎ አይታ ሚጣን እንዳዘለች ገባችና «ወንድም አለኝ» አለቻቸው። ኃላፊው «ሐሙስ ጠዋት ይምጣና ላነጋግረው» አላት። እሷ ራሷ እንዳትገባ ልጅ አለባት፤ የልጅቷ አባት ደግሞ ሄዷል፤ ስሙም በቤታችን አይነሳም።

እማዬ የፎቅ ደረጃ ታጥባለች። ከላይኛው ፎቅ ትጀምርና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ወደ ኋላ እየወረደች እስከ ምድር ቤት ትጨርሳለች። ጉልበቷ ካበጠ ሰንብቷል። ሐኪሙ ሥራውን ተዪ ብሏታል። እሷም ከልጆቼ አንዱ ሥራ ሲይዝ እተዋለሁ ብላለች። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው፦ እኔ ከተቀጠርኩ እማዬ ደረጃውን ትተወዋለች፤ ካልተቀጠርኩ አትተወውም። ይህን አውቀዋለሁ። ሊያስፈራኝ እንደሚገባም አውቃለሁ።

ረቡዕ ማታ እማዬ ከሥራ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ዘረጋችው።

«ጥፍርህን ቆረጥክ?»

«ቆርጧል» አለች እህቴ ሸሚዜን እየተኮሰች።

«ጠጋ በል እስቲ። ነገ ፈገግ ማለት እንዳትረሳ። ጥርስህ ከአባትህ የወረስከው ነው፣ ደህና ጥርስ ነው፤ ደብቀህ አታስቀረው።»

«መናገር አቅቶት ጥርሱን ብቻ ካሳያቸው ደግሞ እብድ ነው ይሉታል» አለች እህቴ።

እማዬ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለልምምድ።

ሐሙስ ጠዋት እማዬ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ሚጣን ይዛ ቀረች። እህቴ አብራኝ ወጣች።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኳት።

«መሄዱን ታውቃለህ። መግባቱን ነው የምፈራው።»

መደብሩ ውስጥ ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ቆርቆሮዎቹ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል፤ ውስጡ ያለው እንዲታወቅ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቀለም ተቀብቷል። አንድ ቀለም የሚበጠብጥ ማሽን ቆርቆሮ አቅፎ ይንዘፈዘፋል። የኃላፊው ቢሮ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ በሩ ለሽታው ሲባል ክፍት ነው የሚውለው። እህቴ ኮሪደሩ ላይ የተደፋ ባልዲ አገኘችና ተቀመጠችበት። ከኋላዬ በእጇ ገፋ አደረገችኝ።

ኃላፊው ወፍራም ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱ መስታወት ላይ ነጭ ቀለም ደርቆበታል፤ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያይ እንጃ።

«እንደምን አደሩ» አልኩ። ይሄኛው ወጣልኝ።

«እንደምን አደርክ። ተቀመጥ። ስለ ራስህ ንገረኝ እስቲ።»

ልክ እህቴ እንዳለችው ነው የጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ። ማሽኑ ሲንዘፈዘፍ ይሰማኛል። ኃላፊው ጠበቀ፤ እኔም ጠበቅኩ። ሁለታችንም አንድ ሰው የምንጠብቅ እንመስል ነበር።

«ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል» አለ ድምፅ ከኮሪደሩ። «ማንበብና መጻፍ በደንብ ይችላል። የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ አይነሳም።»

ኃላፊው አንገቱን አስረዝሞ ከትከሻዬ በላይ አየ። «ማናት እሷ?»

«እህቱ ነኝ ጋሼ። ይቅርታ፣ አመለጠኝ። ይቀጥሉ።»

ኃላፊው ጺሙን አከከና ወደ እኔ ተመለሰ። «እሺ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ሰማያዊ ስጠኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

ይህን አላጠናነውም። ጠረጴዛው ላይ የደረቀ አረንጓዴ ጠብታ ነበር፤ እሱን ሳይ ቆየሁ። እህቴ ባልዲው ላይ ስትቁነጠነጥ ሰማኋት። ልትታገሥ እንደማትችል አውቄ ነበር።

«ለውስጥ ነው ለውጭ? ብሎ ይጠይቀዋል» አለች። «ግድግዳው እርጥበት አለው ወይ? ይለዋል። ደግሞ ሰማያዊ አንድ አይደለም፤ የቀለም ካርዱን አሳይቶ ያስመርጠዋል።»

«ካርዱን የት አወቅሽው?»

«እዚህ ከራስጌዬ ተሰቅሎ የለ ጋሼ። ዓይን አለኝ።»

ኃላፊው ሳቀ። «ደንበኛው ወስዶ ከቀባ በኋላ፣ ይሄ ያሳየኸኝ ቀለም አይደለም ብሎ ቢቆጣስ?»

«ደርቋል ወይ? እለዋለሁ» አለች እህቴ። «እርጥብ ግድግዳ ሲደርቅ ሌላ ነው። ሳይደርቅ ከሆነ የመጣው፣ ወንበር ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ። ቁጭ ያለ ሰው ብዙ አይጮህም።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄውም መልሱም ከራሴ በላይ ያልፍ ጀመር። ኃላፊው ወንበሩን ወደ በሩ አዙሯል። እኔ መሐል ላይ እንደ ክፍት መስኮት ተቀምጫለሁ። አልከፋኝም፤ ደስም አላለኝም።

በመጨረሻ ኃላፊው እስክሪብቶውን ከደነና ወደ እኔ ተመለሰ።

«የኔ ልጅ፣ እንዳትቀየመኝ። ቆርቆሮውንማ ማንም ይሸከመዋል። እኔ የምፈልገው ከሰው ጋር የሚያወራ ነው። እሷን ብቀጥራት ምን ይመስልሃል?»

እህቴ ከባልዲው ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል።

«አይሆንም ጋሼ። የመጣው እሱ ነው። ዓይን አፋር ስለሆነ ነው እንጂ ይችላል፤ ቤት ሲያወራ ቢሰሙት...»

«ቤት ሲያወራ ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ ደግሞ ልጅ አለብኝ። የሚይዝልኝ የለም።»

«እንግዲያውስ ሌላ ሰው አያለሁ» አለና ኃላፊው ሊነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

እማዬን አሰብኳት፤ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወደ ኋላ ስትወርድ። የሆነ ነገር እንዲሰማኝ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ማሽኑ ቆሟል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ማንም አልገፋኝም።

«ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ» አልኩ።

ኃላፊው ቆም አለ። «ምን አልክ?»

«ሚጣን እኔ እይዛታለሁ። እሷን ይቅጠሯት።» ስናገር ፊቱን አይቼው ነበር።

መንገድ ላይ እህቴ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ከዚያ ድንገት ዞረች።

«ማን ጠየቀህ? ስንት ቀን ለፋሁብህ። አፍህን ይዘህ ኖረህ ኖረህ፣ ዛሬ ነው ምላስ ያወጣኸው? ለእኔ?»

ዝም አልኩ።

«አሁን ደግሞ ዝም በል። ያንተን ሥራ ቀምታ ገባች ይሉኛል እኮ። እኔ ራሴ እለዋለሁ።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ደስ ያለኝ ይመስልሃል?»

«አላውቅም።»

«ደስ ብሎኛል። ቆሽቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው።»

እንደገና መሄድ ጀመረች። ቀለሙ የተላላጠ አጥር ጋ ስንደርስ፣ ፊቷን እንደጣለች በጣቷ አሳየችኝ። «ይሄ ለምሳሌ እርጥበት አለው» አለች።

እማዬ ሚጣን ታቅፋ በራፉ ላይ ትጠብቀን ነበር። በአንድ እግሯ ነው የቆመችው።

«እህስ?» አለችኝ። የጠየቀችው እኔን ቢሆንም ያየችው እህቴን ነው። እህቴ አልፋን ገባችና ጀርባዋን ሰጥታ ጫማዋን መፍታት ያዘች።

«እሷን ቀጠሯት» አልኩ። «ሰኞ ትጀምራለች። ሚጣን የምይዘው እኔ ነኝ።»

እማዬ እኔን አየች፣ የእህቴን ጀርባ አየች። ከዚያ በራፉን ተደግፋ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ደረጃውን ልተወው ነው» አለች።

«አዎ።»

«አንተስ?»

«ሚጣን እይዛለሁ።»

«እሱንማ ሰማሁ። አንተስ ነው የምልህ።»

እህቴ ጫማዋን ፈትታ ጨርሳለች፤ አልዞረችም፣ አልተናገረችም። እማዬ አሁንም ታየኛለች።

«አላውቅም እማዬ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። ሚጣን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት፤ ከገመትኩት በላይ ትከብዳለች፣ ሱሪዋም ረጥቧል።

«ደረቅ ልብስ የት ነው የሚቀመጥላት?» ብዬ ጠየቅኩ።