ባለ ዘጠናው በር

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሜትር የሚዘረጋ ሰው ካለ ይምጣና እንለካካ! ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም መደመርና መቀነሱን ይዤው ነው የወጣሁት። አባቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፤ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ የምጠራለት እኔ ነኝ። «ምላስሽ ከሜትሩ ይረዝማል» ይለኛል። እኔም፣ «ሜትሩ አምስት ነው፣ የእኔን ገና አልለካኸውም» እለዋለሁ።

«ነበር» ያልኩት ሞቶ አይደለም። አለ። አምና ከሥራ መወጣጫ ላይ ወደቀና ከወገቡ በታች ያለው አልታዘዘው አለ እንጂ።

ቤታችን የሕንፃው ምድር ወለል ላይ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎንና ቀጭን ኮሪደር። ሽንት ቤቱ ከኮሪደሩ በስተግራ ነው፣ በሩ ለዊልቸር አይበቃም። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የለችም፤ ስለዚህ ሲያስፈልገው ብብቱ ሥር ገብቼ እየጎተትኩ የማስገባው እኔ ነኝ። እንዳያፍር ብዬ ፊቴን አዙሬ ዘፈን አንጎራጉራለሁ። እሱ ግን ያፍራል። ጠዋት ውሃ ስሰጠው «አልጠማኝም» ይላል። አንድ ቀን ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ አየሁና ገባኝ፤ ለካ እህቱ፣ አክስቴ፣ ማታ ከስፌት ፋብሪካ እስክትመጣ እኔን ላለማስቸገር ነው ውሃ የማይጠጣው። አንጀቴን በላው።

ከወደቀበት ሥራ የተሰጠው ካሳ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቤቱን እናድስ ተባባልን። አባዬ በሴራሚክ ካርቶን ጀርባ ላይ ዕቅዱን በእርሳስ ጻፈ። ከሁሉ በላይ «በር፦ ዘጠና ሳንቲ ሜትር» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት፣ ከዚያ ነጭ ቀለም።

«ሌላው ባይደርስ ይቅር» አለኝ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ብቻዬን ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ራሴ መዝጋት።»

«እሱማ ለእኔ ምን አላት!» አልኩት።

አቧራው እንዳይጎዳው ለአሥር ቀን አክስቴ ቤት ሄደ። ገንዘቡም ካርቶኑም እኔ እጅ ቀሩ።

ግንበኛው የአባዬ የድሮ የሥራ ጓደኛ ነው። ከቁመቱ የተነሳ ሁሉም ቀጭኔ ይሉታል፤ እኔ ፊቱ ላይ ብቻ ጋሼ እለዋለሁ። ግድግዳውን በመሮ ፈልፈል ሲያደርግ፣ ለላይኛዎቹ ፎቆች ውሃ የሚያወጣው ቧንቧ በሩ አጠገብ ተገትሮ አገኘው።

«ዘጠና ካልሽ ይሄ መነሳት አለበት» አለኝ። «ቧንቧ ሠራተኛ ትጠሪያለሽ፣ ገንዘብሽም እዚያው ያልቃል። ካልነካነው ሰባ ይወጣል።»

«ዊልቸሩን ለክቼዋለሁ ጋሼ፣ ስልሳ ሦስት ነው። ሰባት ይተርፋል!»

«አባትሽ ዘጠና ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ሄደሽ ጠይቂው።»

«የዚህ ቤት ኢንጂነር እኔ ነኝ!»

«እሺ ኢንጂነር። ኋላ ግን ቀጭኔ ነው ያበላሸው እንዳትይ።»

ያልጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አባዬ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሲያሳምር የእኛ ሽንት ቤት ግድግዳ ጥሬ ሲሚንቶ ነው። በደህናው ጊዜ ከሥራ ስንመለስ አንድ ሱቅ መስተዋት ፊት ይቆም ነበር፤ ዝናብ ያጠበው ሰማይ የመሰለ ሴራሚክ ነበረበት። «አንድ ቀን ይሄን ለቤታችን» ይልና ዋጋውን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ቧንቧውን ባለማንሳታችን የተረፈው ገንዘብ ለዘጠኝ ካርቶን በቃኝ። ዕቅዱ ላይ «ዘጠና» የሚለውን ሰርዤ ሰባ አደረግኩት። ሴራሚኩን የለጠፍኩት ራሴ ነኝ፣ በእሱ መሣሪያ፣ እሱ እንዳሳየኝ። ሳያየው ልነግረው አልፈለግኩም።

በዘጠነኛው ቀን አባዬ ቀትር ላይ ሲያሸልብ «ጎማውን ዘይት ላስቀባው» ብዬ ዊልቸሩን ከአክስቴ ቤት ወሰድኩት። ባዶውን ወንበር የኋላ ጎማውን ብድግ፣ ዞር አደረግኩና በአዲሱ በር አስገባሁት። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

በማግስቱ አክስቴ እየገፋች አመጣችው። ገና ሳሎን ከመግባቱ፣

«ውሃ ስጪኝ» አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። ብርጭቆውን ጭልጥ አደረገና «ድገሚኝ» አለ። ደገምኩት። አክስቴ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

«ማንም እንዳይከተለኝ» ብሎ ጎማውን በሁለት እጁ እየገፋ ወደ ኮሪደሩ ሄደ።

እኔና አክስቴ ሳሎን ቆመን በሩ ሲዘጋ ለመስማት ጠበቅን። አልተዘጋም። ብረት ከእንጨት ሲጋጭ ሰማን። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ግጭት፣ አሁን በኃይል።

ሮጥኩ፤ አክስቴም ተከተለችኝ። ኮሪደሩ ቀጭን ስለሆነ ወንበሩ በሩ ላይ ነው መዞር ያለበት፤ ሲዞር የእግር መደገፊያው አንዱን መቃን፣ የኋላ ጎማው ሌላውን ነክሶ ቀርቷል። ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ደግሞ እንደ ባዶው ብድግ አድርጎ የሚያዞር የለም። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል።

«ይሄ በር ስንት ነው?»

«እጅህ ደማ» ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ስንት ነው አልኩሽ?»

«ሰባ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። በሚደማው እጁ በሩን ከመቃን እስከ መቃን በስንዝር ለካው። ሦስት ስንዝር ከምናምን። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ።

«በሉ ቶሎ አድርጉ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ስበን አላቀቅነውና አክስቴ በእግሩ፣ እኔ በብብቱ ይዘን ተሸክመን አስገባነው። መያዣውን ብረት ጨበጠ። አክስቴ ቀድማ ወጣች። እኔ እንደ ድሮው ፊቴን አዞርኩ፤ ዘፈኑ ግን አልወጣ አለኝ። ፊት ለፊቴ ሴራሚኩ ያበራል። አንዲት መስመር አልተዛነፈችም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አባዬ፣ ሴራሚኩን ግን አየኸው? ያ የሱቁ እኮ ነው» አልኩት።

«እኔ ሽንት ቤት የምገባው ግድግዳ ለማየት ነው እንዴ?» አለኝ። «ውጪና በሩን ዝጊው።»