የይማም እንቅልፍ

በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚተኛው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ሲተኛ ሁላችንም እናርፍ ነበር። ስሙ ይማም ነው።

አዳራሹ ያለ ወረቀት ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ወደ አገራቸው እስኪላኩ የሚታጎሩበት ቦታ ነው። ባሕሩን ተሻግረን፣ በረሃውን አቋርጠን እዚያ ደረስን። ስለ መንገዱ አልናገርም። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። መብራቱ አይጠፋም። ሽንት ቤቱ ሞልቶ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ በዚያ በኩል ያለው ወለል ለሰው አይሆንም። በቀረው ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመናል። አንድ ሰው ሊጋደም ከፈለገ ሌሎቻችን መጠጋጋት ነበረብን። ሁለተኛ ሰው ሊጋደም ቢፈልግ ግን የምንጠጋበት ስፍራ አልነበረም።

አያ ሙሄ የሐብሩ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠናል፤ ሲያዝም ሁለተኛ ጊዜው ስለሆነ የዘበኞቹን ቋንቋ ያውቃል። ስለዚህ እንሰማው ነበር።

«በወንፈል ነው የሚሆን» አለ። «ዛሬ አንተ ለኔ ትተኛለህ፣ ነገ እኔ ላንተ። እርሻስ የሚታረሰው እንዲህ አይደል?»

ሰው ለሰው አይተኛም ብሎ የተቃወመ አልነበረም። በጣም ደክሞን ነበር።

መጀመሪያ አያ ሙሄ ራሱ ተጋደመ። አንኮራፋ፤ ያረፈው ግን እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጌጡ ተኛ። ጌጡ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አገሩ ላይ የሚኒባስ ረዳት ስለነበር አፉ አይዘጋም። ተነስቶ «እንዴት አደራችሁ?» ሲል ከሱ ሌላ ያረፈ ሰው አልነበረም። ከሱ በኋላ ይማም ተጋደመ። ዓይኑን እንደከደነ ጉልበቴን የያዘው ሕመም ለቀቀኝ። ቆሜ ነበር፤ ዓይኔም ክፍት ነበር፤ ግን አረፍኩ። ዙሪያዬን ሳይ የሁሉም ፊት የታጠበ መስሏል።

ሕልሙም አብሮ ደረሰን። ይማም ሁልጊዜ የሚያልመው የእናቱን ቤት ቆርቆሮ ሲያለብስ ነው። እኛ መሰላል እንይዛለን፣ ምስማር እናቀብላለን።

«አንተ፣ የናትህ ቤት ዛሬም አላለቀም?» አለው ጌጡ።

«ነፋስ እየገነጠለ አስቸገረኝ።»

«እኔኮ ፀሐይ ላይ ስሠራ ውዬ ነው የማርፈው። አንድ ቀን እንኳ ሰርግ ቤት ውሰደና።»

«ሳይጠሩኝ አልሄድም» አለ ይማም።

ሳቅን። በዚያ አዳራሽ የሳቅነው ያኔ ነው።

ይማም ሲነቃ ድካሙ ባንድ ጊዜ ይመለስብናል። ስለዚህ ብዙ እንዲነቃ አንፈልግም ነበር። ዳቦውን ሲበላ ከብበን እንጠብቀዋለን፤ እንደዋጠ ቦታውን እናሳየዋለን። እኛ ጉልበት አገኘን፤ እሱ ከሳ። የጎኑ ቆዳ ሲሚንቶው ላይ ተላጠ።

«አያ ሙሄ፣ ደክሞኛል» አለ አንድ ቀን።

«ቀኑን ሙሉ ተኝተህ?»

«የተኛሁት ለናንተ ነው። ለኔ የተኛ የለም።»

አያ ሙሄ እየተጋፋ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ሐኪም እንዲጠራ በሩን ደበደበ። ዘበኛው ሳይከፍት የታመመው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ያ የተኛው ነው።»

«ከተኛማ ደህና ነው» አለ ዘበኛው።

በዚያው ሰሞን ሰደርያ የለበሱ ጎብኚዎች አያያዛችንን ሊመለከቱ መጡ። አንዲት ሴት ነበረች። አፍንጫዋን አልያዘችም። በአስተርጓሚ ጠየቀችን።

«መተኛ ቦታ አላችሁ?»

«የለንም» አለ አያ ሙሄ።

«እንቅልፍስ ታገኛላችሁ?»

አያ ሙሄ የማይዋሽ ሰው ነው። «እናገኛለን» አለ።

ሴትዮዋ ደግማ አስጠየቀችው። ደግሞ «እናገኛለን» አለ። ጻፈች። ከዚያ ወደ ይማም ጠቆመች።

«ይህ የሚተኛልን ነው» አለ አያ ሙሄ። «እባካችሁ እሱን ውሰዱት። እየሞተብን ነው።»

አስተርጓሚው ጥቂት አሰበና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። እንዳይነቃ በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣች።

በኋላ የይማም ሊሴ ፓሴ መጣ። ሊሴ ፓሴ የምንለው ፓስፖርት የሌለው ሰው አገሩ የሚገባበት ወረቀት ነው። ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ ስሙን ጠራ። የተጠራ ሰው በገዛ አፉ መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ይማም ተኝቷል። ነቀነቅነው። ውሃ አፈሰስንበት። አልነቃም።

«እሱ ከሄደ ቆመን መቅረታችን ነው» አለ ጌጡ።

«እንቆማለና» አለ አያ ሙሄ።

«እኔም ቆመን እንቀራለን ነው ያልኩት። አይሂድ አልወጣኝም።»

ዘበኛው ደግሞ ጠራ። «አቤት» አልን። ሳንነጋገር፣ ሁላችንም ባንድ ጊዜ፣ በይማም ድምፅ።

ዘበኛው በቀዳዳው አየን። «አንዱ ይበቃ ነበር» አለና ከፈተ።

ይማምን ከራሳችን በላይ እጅ ለእጅ እየተቀባበልን ወደ በሩ አሳለፍነው። አይከብድም ነበር። አንድ ፒካፕ ላይ ጫኑትና ሸራ አለበሱት።

«አውሮፕላኑ ላይ ይነቃል» አለ ዘበኛው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት እንደሌለን አውቀን ተዘጋጀን። ዕረፍቱ ግን አልተቋረጠም። ሕልሙም መጣ፤ በዚህ ሕልም ውስጥ ሥራ አልነበረም። ሸራው ሥር ነበርን። መኪናው ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። የአውሮፕላን ድምፅ ጠበቅን። አንዱ ሰውዬ ክብሪት ለመነ፤ ሌላው ሰጠው። ከዚያ አካፋ ተሰማ። አሸዋው ከእግሩ በኩል ጀመረ።

በሩን ደበደብን።

«ሰውዬው አልሞተም፣ አውጡት» አለ አያ ሙሄ።

«ማን?»

«ይማም። ቀብራችሁታል።»

«እሱ አገሩ ገብቷል። ማን አየ?»

«ሁላችንም አየን።»

«ስታዩ የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ።»

ዘበኛው ቀዳዳውን ዘጋው።

ላለማረፍ ሞከርን። ወለሉን በእግራችን መታን፤ እርስ በርስ ተቆነጣጠጥን። አልሆነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዳራሹ ውስጥ የደከመው ሰው አልነበረም።

ቆይቶ እኔም አገሬ ተመለስኩ። የይማም እናት ዘንድ ሄጄ ነበር። ደጃፏ ላይ ቆመን አወራን።

«ልጄስ?» አለችኝ።

«ተኝቷል።»

«ምነው ታዲያ አትቀሰቅሱትም?»



አሁን ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ወልዲያ ውስጥ የቀለም ሱቅ አለኝ። ሰዎች ድካም አያውቅህም ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ አያውቀኝም። አያ ሙሄ ሞቷል። ጌጡ ኮምቦልቻ ነው፤ የይማም ሕልም ለሱም ለኔም ዛሬም ይደርሰናል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሌሊት ይማም ወደ ግራ ጎኑ ዞረ። እጁን በአሸዋው ውስጥ ዘረጋ። እዚያ የሌላ ሰው እጅ ነበር። ይሞቃል። ያዘው።

ጠዋት ጌጡ ደወለ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«የማን ይመስልሃል?»

«እንጃ። ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው።»

«ሴት ናት» አለ ጌጡ። «በሌላኛው እጇ ደግሞ ሌላ ሰው ይዛለች።»

ስልኩን ዘጋሁና ሱቄን ልከፍት ወጣሁ። ቁልፉን በቀኝ እጄ አዞርኩት። ግራ እጄ እንደተጨበጠ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ታች ይሳባል።