ስልሳ ሰባተኛዋ

ቨርሊን ተትል የምግብ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ትሪ ይዘው የሚያልፉትን የሁለተኛ ክፍል ልጆች በእርሳሷ ጫፍ እየጠቆመች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ስልሳ ስድስት። መጨረሻ ላይ አንዱ ስልሳ ሰባት ሲሆንላት ልቧ ዘለለ፤ ልብ ብላ ስታየው ግን ወተት ረስቶ የተመለሰ የቅድሙ ልጅ ነበር።

"ስንት?" አለ ርእሰ መምህሩ ዶከሪ ከኋላዋ መጥቶ። በእጁ የያዘውን ቋሊማ ያለበት ቁርስ ገና አልገመጠውም።

"ትናንት የነገርኩዎት ነው።"

"ስልሳ ስድስት?"

"ካላመኑኝ እርስዎ ይቁጠሩ። ሁለት ሁለቴ የሚያልፉ አሉ፤ እነሱን ሁለት ሁለት አድርገው ቢቆጥሩልን ጥሩ ነበር።"

ዶከሪ አልሳቀም። ትምህርት ከተጀመረ ዛሬ ሃያኛው ቀን ነው። በሃያኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የልጆቹ ቁጥር ከየትምህርት ቤቱ ወደ ዋናው ቢሮ ይላካል፤ መምህር የሚደለደለውም በዚያ ቁጥር ነው። ሁለተኛ ክፍል ስልሳ ሰባት ልጅ ካለው ሦስት መምህራን ይኖሩታል። ስልሳ ስድስት ከሆነ ሁለት ይበቁታል። ሦስተኛዋ ሰኞ ጠዋት ዕቃዋን በካርቶን ሸክፋ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ልጆቿም ለሁለቱ ይከፋፈላሉ፣ ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ዝናብ ውጭ በማያስወጣበት ቀን ከሠላሳ ሦስት የሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ውለው አያውቁም።

ቨርሊን ውላለች። አምና ሦስተኛ ክፍል በአንድ ልጅ ጎደለና አንድ መምህርት ተወሰደች። የቀረችው ፕሩዊት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረች ሴት፣ ሠላሳ ሦስት ልጅ ይዛ እስከ ኅዳር ተንገታገተች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ደወሉ ተደውሎም አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ተተኪ በጠፋ ቁጥር ክፍሉን የምትይዘው ቨርሊን ሆነች። እሷ ደግሞ ጸሐፊ ናት እንጂ መምህርት አይደለችም። ዓመቱ ሲያልቅ ከእነዚያ ልጆች ግማሾቹ ማካፈል አልቻሉም ነበር። ይህን ስታስብ እስከ ዛሬ ታፍራለች።

"የጎደለችው ማን ናት?" አለ ዶከሪ።

"ብሪንሊ ቦግስ። ዘጠኝ ቀን ቀርታለች። ዛሬም ከቀረች አሥር ይሞላትና ከመዝገብ ትሰረዛለች። ከስምንት ሰዓት በፊት በዚያ በር ከገባች ግን ትቆጠራለች።"

"ስልካቸውስ?"

"አይሠራም።"

"በይ እስቲ ፈልጊያት፣ እባክሽ" አለና ቁርሱን ሳይበላ ልጆች የሚያወርዱ መኪኖችን ሊያስተናግድ ወደ ውጭ ወጣ። ጠዋት ጠዋት መኪና የሚያስተናግድ ሰው ከሁለት ዓመት ወዲህ አልተቀጠረም።

ቨርሊን ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። በቢሮው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ የሁለተኛዋ ጸሐፊ ቦታ ክረምት ላይ ስለታጠፈ አንዱ ባዶ ነው። ስልክ እያነሣች፣ አፍንጫው የደማበትን ልጅ ወደ ላይ ቀና እያደረገች፣ ላረፈደው ማለፊያ እየጻፈች፣ በመሀል በመሀል ከሁለት ሳምንት ወዲህ ወላጆች በሚስተናገዱበት መስኮት በኩል የገቡትንና ለማየት ጊዜ ያላገኘችላቸውን ወረቀቶች ታገላብጥ ጀመር። አራት ሰዓት ላይ ማሪሶል ኬሳዳ አንገቷን በመስኮቱ አስገባች። ከሦስቱ የሁለተኛ ክፍል መምህራን በቅጥር የመጨረሻዋ እሷ ስለሆነች ሰኞ የምትሄደውም እሷ ናት።

"ሚስ ቨርሊን፣ ካርቶን መሰብሰብ ልጀምር ወይስ ትንሽ ልታገሥ?"

"ካርቶን የለንም። እሱም ተቀንሷል።"

ማሪሶል ሳቀች፣ ወዲያው ግን ዐይኗ ቀላ። "ከልጆቼ ዘጠኙ ገና ፊደል ይደባልቃሉ። አራት አራት እያደረግኩ ነው የማስነብባቸው፤ ዛሬ አንዷ አንድ ገጽ ሙሉ ብቻዋን ጨረሰች። ሠላሳ ሦስት ሲሆኑ እኮ ስማቸው ተጠርቶ ሳያልቅ ይመሻል።"

"ሂጂ አስተምሪ፣ የኔ ማር። ገና አልመሸም" አለቻት ቨርሊን።

ወረቀቱን ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ከምግብ ማመልከቻዎች ሥር፣ ለሁለት የታጠፈ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ቀን የተጻፈ። "ቤት ለቀን አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ሞቴል ገብተናል፣ ክፍል 114። አውቶቡሱ እዚህ አይቆምም። እባካችሁ ደውሉልኝ። የብሪንሊ እናት ሾና።" ከሥሩ አዲስ የስልክ ቁጥር ነበረው። ቨርሊን ደወለች፤ አይነሣም። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ዶከሪ ለምሳ ሰዓት መስኮቱን ሲረከባት "አገኘኋት" አለችው፤ ከየት እንዳገኘቻት አልነገረችውም።

ቨርሊን ስትደርስ ሾና ቦግስ የሞቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ፎጣ ታጥፋለች። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷ ግን ከዕድሜዋ በላይ የኖረ ይመስላል። ልጅቷ ማድረቂያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ በሞቴሉ መጻፊያ ወረቀት ላይ ትሥላለች።

"ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት፣ ቨርሊን ተትል እባላለሁ" አለች ቨርሊን።

"አውቅዎታለሁ። ወረቀቱን የሰጠሁት ለእርስዎ ነው።"

ቨርሊን ወደ ልጅቷ አየች። "ብሪንሊን ልወስዳት ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤት እንድትገባ።"

"ዛሬ?" ሾና ፎጣውን አስቀመጠች። "ሹፌር ለቀቀ አላችሁ፣ ሁለቱን መስመር አንድ አደረጋችሁ፣ እኛን ዘለላችሁን። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ቦርሳዋን አዝላ መንገድ ዳር ቆማለች፤ አውቶቡሱ እያየችው አለፋት። መኪና የለኝም። ሥራዬን ጥዬ አራት ማይል በእግሬ ላድርሳት? ስደውል መልእክት ይተዉ ይለኛል፤ ተውኩ፣ ሁለቴ ተውኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ይህች ልጅ የት ገባች አላለም። ዛሬ ምን ተገኘ?"

ቨርሊን በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ለወላጅ የሚነገር ለስላሳ ቃል አጥታ አታውቅም። አሁን ግን እውነቱን ነገረቻት።

"ዛሬ ቆጠራ ነው" አለች። "አንድ ልጅ ጎደለን። ካልሞላ አንዲት መምህርት ይወስዱብናል።"

ሾና ሳቀች። "እንዲያ በሉኛ! ልጄ ዛሬ ዋጋ አወጣች።"

"መናደድሽ ልክ ነው።"

"ልክ መሆኔን እኔም አውቃለሁ። የትኛዋን ነው የሚወስዱት?"

"ሚስ ኬሳዳን።"

"ሚስ ኬሳዳ እኮ የኔ ናት!" አለች ብሪንሊ ከመሬት ተነሥታ። "ማሚ፣ የኔ ናት እኮ!"

ሾና ፎጣዋን መልሳ አነሣችና "ሂጂ ጫማሽን አድርጊ" አለቻት። ለቨርሊን ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሲወጡ ማን ይመልሳታል?"

"እኔ።"

"ሰኞስ?"

"ለአውቶቡስ ክፍሉ እደውላለሁ።"

"መልእክት ይተዉ ይሉዎታል" አለች ሾና።

ከሰባት ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብሎ ብሪንሊ በትምህርት ቤቱ በር ገባች። ወንበሯ አራተኛ ክፍል ስለጎደለው ባለፈው ሳምንት ተወስዶ ነበር፤ ማሪሶል የራሷን ወንበር ሰጠቻት። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ማሪሶል በልጆቹ አናት ላይ ቨርሊንን እያየች በከንፈሯ ብቻ አመሰገነቻት። ከስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ በፊት ቨርሊን ስልሳ ሰባት ብላ ጽፋ ላከች። ዶከሪ ጠረጴዛዋን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ አደረገና ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የነበረውን የቀዘቀዘ ቁርስ እዚያው ቆሞ በላ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የቢሮው ማተሚያ በራሱ ጊዜ መሥራት ጀመረ። ቨርሊን ወረቀቱን አውጥታ አነበበችው። ለሾና ቦግስ የተጻፈ ነው። ልጅዎ ያለ በቂ ምክንያት ዘጠኝ ቀን ቀርታለች ይላል። ትምህርት ቤቱ በየቀኑ ቤትዎ ደውሎ ምላሽ አላገኘም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ተላልፏል፤ ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ቀን ይነገርዎታል። ቅጂው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራሱ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳል። የሚያስቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመዝገቡ መታረም።

በየቀኑ ደውሎ። ልጅ በቀረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መዝገብ "ቤት ተደውሏል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተሞላ ገጹ አይዘጋም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በአሮጌው ቁጥር በእርግጥ ደውላለች። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። በቀን ሠላሳና አርባ ልጅ ይቀራል፤ ስልኩ አንድ፣ ሴትዮዋም አንድ። "ተደውሏል" እያለች ገጹን ዘጋች። ለብሪንሊ ብቻም አይደለም። ለስንቱ እንዲህ እንዳደረገች መቁጠር አልፈለገችም። ሌላው ቢቀር ያንን ወረቀት ስትቀበል የሾናን ፊት እንኳ ቀና ብላ አላየችም።

ደብዳቤውን ይዛ ዶከሪ ዘንድ ገባችና ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ ዐይኖቹን በሁለት እጁ አሸ።

"ሰኞ እናርመው" አለ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል።"

"ቨርሊን፣ በቆጠራ ቀን መዝገብ ለእርማት ከተከፈተ ከዋናው ቢሮ ሰው ይልካሉ። እስኪጣራ ድረስ ቁጥራችን ይያዛል። ከተያዘ ሰኞ ማሪሶል ትሄዳለች፤ ተጣርቶ ሲያልቅ ማን ይመልሳታል? አንቺንም እኮ ሊያስወጡሽ ይችላሉ።"

"አውቃለሁ።"

"ይቺ ሴት ዳኛው ፊት ቀርባ ታስረዳለች። ወረቀት ሰጥቻለሁ ትላለች።"

"ወረቀቱ እኮ እኔ ዘንድ ነው። የሷ ቃል አንድ፣ የኔ 'ተደውሏል' ዘጠኝ። እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ማንን ያምናሉ?"

ዶከሪ ወደ ግድግዳው ሰዓት አየ። ደግ ሰው ነው፤ ድካሙ ግን ከደግነቱ በልጧል። "ስልሳ ሰባት ልጅ አለ" አለ። "ለአንዲት እናት ብዬ ስልሳ ሰባት ልጅ ልጉዳ?"

"እኔም መንገድ ላይ እንደዚያ ነበር የማስበው" አለች ቨርሊን። "ስልሳ ሰባት የሞላነው ግን በዚህችው እናት ልጅ ነው።"

ዶከሪ ቢጫ ሰደርያውን ለበሰና መኪና ሊያስተናግድ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ሳይዞር፣ "አድርጊም አታድርጊም አልልሽም" አለ።

ቨርሊን ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ለዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣችውም። ተናደደች፤ በዶከሪ አይደለም፣ በዋናው ቢሮም አይደለም፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ክንዷ ሥር የተቀመጠ ወረቀት ባላየች በገዛ ራሷ። ሳትዘገይ መዝገቡን ከፈተች። ስድስቱን "ተደውሏል" አንድ በአንድ "አልተደወለም" አደረገቻቸው። መጨረሻ ላይ የእርማቱን ምክንያት የሚጠይቅ ባዶ ቦታ መጣ። "እናትየዋ አዲስ አድራሻዋንና ስልኳን በጽሑፍ ሰጥታኝ ነበር። አላየሁትም። አልደወልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ቨርሊን ተትል፣ ጸሐፊ" ብላ ጻፈችና ላከችው። ወዲያው ደብዳቤው ተሰርዟል የሚል ቃል መጣ። ከሥሩ ሌላ መጣ፤ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ለማጣራት ተይዟል ይላል።

ተነሣችና ኮሪደሩን ይዛ ወደ ማሪሶል ክፍል ሄደች። ማሪሶል ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለገችም። በሩን ስታንኳኳ ውስጥ አራት ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ነበር፤ ከአራቱ አንዷ ብሪንሊ ናት። ማሪሶል እየሳቀች በሩን ከፈተችላት።

"ገጹን ይጨርሱ" አለች ቨርሊን። "ከዚያ ውጪልኝ፤ የምነግርሽ አለ።"