ከትከሻው ሥር ያለች ቋጠሮ

ጡንቻ ነው አለች ሐኪሟ፣ ጡንቻ፣ ከአንገት ሥር ተነሥቶ ጎድን አጥንት ላይ የተጣበቀ ቀጭን ጡንቻ፣ ታዲያ ይህችን ታክል ነገር ሰውን እንቅልፍ ትነሳለች? ጸጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን በግራ እጁ ከፍ አድርጎ የደንበኛውን የሾፌሩን ጸጉር ይከረክማል፣ ክርኑ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከትከሻው አጥንት ሥር ያቺ ቋጠሮ ትነክሰዋለች፣ ትነክስና በክንዱ ውስጥ ለውስጥ ወርዳ ትንሿ ጣቱን ታደነዝዛታለች። ተረጋጋ። ጸጉር ነው የምትቆርጠው፣ ጆሮ አይደለም።

ጠዋት ሐኪም ቤት ልቡን በማሽን አዩለት፣ ልብህስ ሰላም ነው ብለው ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩት፣ እዚያ ያለችው ሐኪም ክንድህን ወደ ፊት አሳልፈው አለችው፣ የትከሻ አጥንቱ ገለል ሲል አውራ ጣቷን አንዲት ቦታ ላይ ተከለችው፣ እስከ ትንሿ ጣቱ ነዘረው፣ አየህ፣ ቋጠሮዋ እዚህ፣ ሕመሟ እዚያ፣ ስንቱ ልቤን አመመኝ ብሎ ይመጣል መሰለህ፣ ክንድህን ሰቅለህ ነው እንዴ የምትሠራው? ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስ አላለውም።

ሕመሙ የአባቱ ነዋ። ያው ቦታ፣ ያቺው ጣት፣ ይኸው ወንበር፣ ፔዳሉ ተሰብሮ ዝቅ አልል ያለ የደንበኛ ወንበር፣ አባት አጭር፣ ልጅም የአባቱ ልጅ፣ ሁለቱም ክርናቸውን ጆሯቸው ድረስ እየሰቀሉ ዕድሜያቸውን ፈጁበት፣ አሠሩት እንጂ ሲባሉ ለምደነዋል ይላሉ፣ መልመድ ደጉ።

በወጣትነቱ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ተቀብሎት፣ ሻንጣው አልጋው ላይ እንደተከፈተ፣ አባቱ ግራ ጎኑን ይዞ ቁጭ አለ፣ እናቱ ልቡ ነው፣ ልቡ ነው፣ እባክህ አታስደንግጠው አለች። ሻንጣው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት በር እንኳ የሚዘጋው በቀስታ ነው፣ መርዶ በሹክሹክታ፣ ሳቅ በልክ፣ እሱም መቀሱን አነሣ፣ አነሣና ይኸው ጸጉሩ ሸበተ፣ እና ያ ሁሉ ለጡንቻ ከነበረስ? ቢናገር ሽማግሌው ምን ይሆናል፣ ዝም ቢል እሱ ራሱ ምን ይሆናል፣ ሆድ ይፍጀው ይባላል፣ የማን ሆድ፣ እስከ መቼ?

ምነው ዛሬ ዝም ዝም አልክ፣ ሚስትህ አባረረችህ እንዴ፣ ይላል ሾፌሩ። የለም፣ ጀርባዬን ነው። እሷው ደቁሳህ ይሆናላ። ይስቃል፣ ጸጉሩን አራግፎ ይወጣል፣ ሱቁ ውስጥ የሚቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው።

አባቱ በመስኮቱ በኩል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ይፈትጋል። ስንት ዓመት ሙሉ ሲፈትግ ታየ፣ ልቡን የሚያመው ሰው ጀርባውን ለምን ያካል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ እሱም አልጠየቀም፣ ሞኝ።

አባዬ፣ እስቲ ዞር በልልኝ። ምን ልትሆን? ዞር በል ብቻ፣ ክንድህን ወደ ፊት፣ እንደሱ። አውራ ጣቱ በሸሚዙ ላይ ይፈልጋል፣ አጥንት፣ አጥንት፣ ከዚያ የደረቀች ባቄላ የምታህል ነገር፣ ይጫናታል። ሽማግሌው ያቃስታል። ጣቴን፣ ይላል፣ ትንሿ ጣቴ ላይ ወረደ።

ጡንቻ ነው አባዬ። ልብ አይደለም።

አውቃለሁ፣ ይላል አባቱ ወደ መስኮቱ እንዳየ።

ከመቼ ጀምሮ?

ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል፣ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር።

ታዲያ ለምን?

ትሄድብኝ ነበራ።

መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሰው ያልፋል፣ ሰው ይመለሳል፣ አውራ ጣቱ አሁንም እዚያው ናት፣ ከሥሯ የሽማግሌው ጎድን ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማዋል፣ ተጫን ይለዋል ውስጡ፣ እስኪጮህ ተጫን፣ ደግሞ ቀስ ብለህ እሸው ይለዋል፣ አርጅቷል፣ ተጫን፣ እሸው፣ አባቱ አንገቱን ደፍቶ፣ ክንዱን ወደ ፊት እንዳሳለፈ፣ የመጣውን ሊቀበል ይጠብቃል።