ከፊርማው በላይ

ልብስ ሰፊዋ ለጠበቆች የዲሲፕሊን ጉባኤ የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ቤቴ ለባሌ ወንድም የተፈረደለት ዕለት ጠበቃዬን ይግባኝ በሉልኝ አልኩት። ‹ገብቷል፣ አይዞዎት› አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ስመላለስ መልሱ አይዞዎት ነው። በመጨረሻ መዝገብ ቤት ራሴ ሄጄ ብጠይቅ፣ በስሜ የገባ ምንም ነገር የለም።»

የጠበቃው መልስ ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ደንበኛዬ ሐሳባቸውን ቀይረው ይግባኙ እንዲቀር በጽሑፍ አዘውኛል። የፈረሙበት ወረቀት ተያይዟል።»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንስታ አየችውና መለሰችው።

«ፊርማው የኔ ነው። ቃሉ ግን የኔ አይደለም።»

ከጉባኤው አባላት አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው በመስመሮቹ መካከል ጣታቸውን እያስገቡ ለኩት።

«ይህን ዓይነት አጻጻፍ አውቀዋለሁ» አሉ። «ተማሪዎቼን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ ስላቸው፣ ሐሳብ ያለቀበት መስመሩን ያራርቀው ነበር። ይቺም አራት ዐረፍተ ነገር ናት። ፊርማው ጋ ለመድረስ እንዴት እንደተንጠራራች እዩልኝ!»

ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም።

«ጨርቅ ሲያጥር እኛም እንዲሁ እንጎትታለን» አለች። «መጀመሪያ ቀን ባዶ ወረቀት አስፈርሞኛል፤ በየጊዜው እንዳላመላልስዎት ብሎ።»

ልማዱ አዲስ አልነበረም። በዚያ ሕንፃ ቢሮ ካላቸው ጠበቆች ብዙዎቹ ደንበኛ እንዳይንገላታ እያሉ ያደርጉታል። ጠበቃውም ያስፈረማት በክፋት አልነበረም። ክፋቱ የመጣው ኋላ ነው። የይግባኙን ጊዜ ፍርዱ ከተነበበበት ቀን መቁጠር ሲገባው፣ ግልባጩን ከተቀበለበት ቀን ቆጠረ። ስህተቱን ሲያውቅ አሥራ ሁለት ቀን አልፎታል። ነገ እነግራታለሁ ሲል ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም ወር ወለደ። የዲሲፕሊን ክሱ መጥሪያ ሲደርሰው የፈረመችበት ባዶ ወረቀት ያለበትን መሳቢያ ከፈተ።

«ቀን ቆጠራ ላይ ተሳስቻለሁ» አለ አሁን፣ ወረቀቱን ሳያይ። «ቸልተኝነት ነው ከተባለ እቀበላለሁ።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት በጥብቅና የሠሩ ናቸው፤ ጠበቃውን ከጀማሪነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

«ቸልተኝነት ከሆነ ማስጠንቀቂያ ጽፈንልህ ወደ ቢሮህ ትመለሳለህ። እሳቸው ግን ቤታቸው ቀረ፤ በጠበቃ ቸልተኝነት ያለፈ ይግባኝ አይከፈትም። ደንበኛው ተታሎ ከሆነ ነው ፍርድ ቤቱ እንደገና የሚያየው። ያን ጊዜ ፈቃድህን እንወስዳለን፤ መልሰህ ማመልከት የምትችለው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ወረቀቱን ማን እንደሞላው እኛ እንጠረጥራለን፤ የምታውቀው አንተ ነህ። ሩብ ሰዓት እረፍት።»

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ብቻ ነበር። ጠበቃው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«ተቀመጥ፣ አልነክስህም» አለችው ልብስ ሰፊዋ። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«እኔስ ከዚያ ቤት ሌላ ምን አለኝ? የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር ያስቀመጠልኝ ባሌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ንቅንቅ አላለም።»

ጠበቃው አንገቱን ደፋ።

«ባሌ ከሞተ በኋላ ነው የወንድ ሱሪ መስፋት የጀመርኩት» ቀጠለች። «የመጀመሪያው አንድ እግሩ አጠረብኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ልደብቀው እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ሲነጋ ለሰውየው አጥሮብኛል አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔም አንድ እግሬ ያጥራል፤ ምናልባት ይገጥም ይሆናል።›»

«ገጠመ?»

«የት አባቱ! ሱሪው ያጠረው በሌላኛው እግሩ በኩል ነው። ፈትቼ ሰፋሁለት። እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ነው።»

ጠበቃው ሳያስበው ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። እሷም ሳቋ ሳይጠፋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

በሩ ተከፍቶ ተጠሩ። ልብስ ሰፊዋ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ቆሞ ቀረ።

«የምትጨምረው ነገር አለ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አለኝ» አለ። «ቸልተኝነት ያልኩትን አንስቻለሁ። ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ምንም አላዘዙኝም። አታልያቸዋለሁ። ፈቃዴን ውሰዱት፤ ይህን ቃሌን ግን ዛሬውኑ ማኅተም አድርጋችሁበት ስጡኝ፣ ነገ ጠዋት ከእሳቸው ጋር ፍርድ ቤት ይዤው እቀርባለሁ።»